መሐንዲሶች ያባረሩት፣ ጊታሪስቶች ያሳደጉት ድምፅ

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ፣ በእጅ ከተሠራ አዲስ የጊታር አምፕሊፋየር ፊት ተቀምጣችኋል። ሄቪ ሜታል ለሚጫወቱ ሰዎች ታስቦ የተሠራ ነው። ጊታሩን አንግታችሁ፣ ገመዱን ሰክታችሁ፣ ማብሪያውን ጫናችሁት። ክሩን መታችሁት። ምንም የለም። ጭጭ።

አይዟችሁ፣ አልተበላሸም። ከኋላው ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ፣ በተደረደሩ የመስታወት ጠርሙሶች ውስጥ ብርቱካናማ ብርሃን ቀስ እያለ ሲበረታ ታያላችሁ። ግማሽ ደቂቃ ያህል መጠበቅ አለባችሁ። የድሮ የቲዩብ ሬዲዮ ያዩ አያቶች ካሏችሁ ጠይቋቸው፤ እሱም እስኪሞቅ ድረስ አይናገርም ነበር።

ታዲያ ስልካችን ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች በሚሠሩበት ዘመን፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ጠርሙስ አዲስ ዕቃ ውስጥ ምን ይሠራል? ያውም ውድ ዕቃ ውስጥ! መልሱ የድሮ ነገር ናፍቆት ብቻ አይደለም። መሐንዲሶች ለአሥርት ዓመታት ሊያጠፉት የታገሉትን አንድ ጉድለት ሙዚቀኞች ስለወደዱት ነው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ፣ የአምፕሊፋየሩን ማዞሪያዎች አንድ በአንድ እየነካን እንከተለው። (ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ማብሪያው፦ ለምን እንጠብቃለን?

በ1904 እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ አየር በተመጠጠለት የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ነገሮችን አስቀመጠ፤ አንድ የሚግል ሽቦና አንድ የብረት ሰሌዳ። ሽቦው ሲግል ኤሌክትሮኖች እንደ እንፋሎት ከላዩ ይነሳሉ። ሰሌዳው ፖዘቲቭ ኤሌክትሪክ ከተሰጠው ይስባቸዋል። ሽቦው ቀዝቃዛ ከሆነ ግን የሚነሳ ኤሌክትሮን የለም። የምንጠብቀው ለዚህ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1906፣ አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ነገር ጨመረ፤ ቀጭን የሽቦ ወንፊት። ወንፊቱ ላይ ትንሽ ኔጌቲቭ ኤሌክትሪክ ስትጨምሩ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ኋላ ይገፋቸዋል፤ ስትቀንሱ ይለቃቸዋል። ነገሩን እንደ ቧንቧ መክፈቻ አስቡት። መክፈቻውን በሁለት ጣት ታዞራላችሁ፣ ውሃው ግን በኃይል ይፈሳል። እንግሊዞች እስከ ዛሬ ይህን ጠርሙስ «ቫልቭ» ነው የሚሉት። አሜሪካኖቹ «ቲዩብ» ይሉታል፤ እኛም እዚህ እንደዚያው እንበለው።

የሚገርመው፣ ደ ፎረስት ራሱ የፈጠረው ነገር እንዴት እንደሚሠራ በደንብ አልገባውም ነበር። በትክክል ያብራራው ከዓመታት በኋላ ኤድዊን አርምስትሮንግ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነው።

ጊታራችሁም የሚጠቀመው ይህንኑ ዘዴ ነው። የብረቱ ክር ከማግኔት በላይ ሲርገበገብ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ያ ደካማ ሲግናል ወደ ወንፊቱ ይሄዳል፤ ወንፊቱም በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት የሚነዳውን ትልቁን ፍሰት ያዛል። ትንሹ ትልቁን አዘዘው ማለት ነው።

ይህ ጠርሙስ ዓለምን ቀየረ። በ1915 ከኒው ዮርክ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ በስልክ መነጋገር የተቻለው በመንገዱ ላይ ድምፁን የሚያጎሉ ቲዩቦች ስለተቀመጡ ነው። በ1946 ለሕዝብ ይፋ የሆነው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተር ወደ 18,000 የሚጠጉ ቲዩቦች ነበሩት። ግን በ1947 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በቤል ላብራቶሪ ትራንዚስተር ተወለደ፤ ትንሽ፣ የማይግል፣ የማይሰበር፣ የማያስጠብቅ። የቲዩብ ዘመን ያበቃለት መሰለ።

«ፕሬዘንስ»፦ የመሐንዲሶቹ ጠላት

ወደ ስልኩ መስመር ትንሽ እንመለስ። ድምፅ በረጅም መስመር ሲሄድ በብዙ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ያልፋል። እያንዳንዱ አምፕሊፋየር ድምፁን ሲያጎላ ትንሽ ያዛባዋል። ጥቂት መዛባት በጥቂት መዛባት ላይ ሲደራረብ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ይሆናል። ይህ መዛባት «ዲስቶርሽን» ይባላል፤ የዘመኑ መሐንዲሶች ዋና ጠላት እሱ ነበር።

በ1927 የበጋ ጠዋት ሃሮልድ ብላክ የተባለ የቤል ላብራቶሪ መሐንዲስ የሃድሰንን ወንዝ በጀልባ ተሻግሮ ወደ ሥራ ሲሄድ አንድ ሐሳብ መጣለት። ወረቀት ስላልያዘ የያዘው ጋዜጣ ላይ ሥዕሉን ጫረው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ከአምፕሊፋየሩ ከሚወጣው ድምፅ ጥቂቱን ገልብጣችሁ ወደ መግቢያው መልሱት። ያኔ መሣሪያው የራሱን ስህተት ከዋናው ጋር እያስተያየ ያርማል። ይህ ዘዴ ኔጌቲቭ ፊድባክ ይባላል፤ ዛሬም በብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ አለ።

አሁን አምፕሊፋየራችሁ ላይ «ፕሬዘንስ» የሚል ማዞሪያ ፈልጉ። በአብዛኞቹ የጊታር አምፕሊፋየሮች ላይ ይህ ማዞሪያ ሲጨመር፣ የብላክ እርማት ከፍተኛ በሆኑት ድምፆች ላይ ይቀንሳል። ድምፁም ሹልና ጨካኝ ይሆናል። አያችሁ? የስልክ መሐንዲሱ ስህተት ለማረም የፈጠረውን፣ የጊታር መሐንዲሱ የሚቀንስበት ማዞሪያ ሠራለት።

«ጌይን»፦ የተቀደደው ስፒከር

በመጀመሪያዎቹ የጊታር አምፕሊፋየሮች ዘመን ዓላማው ቀላል ነበር፤ ጊታሩ ከትራምፔትና ከከበሮ በላይ ይሰማ። ድምፁ እንዳይዛባ ሁሉም ይጠነቀቅ ነበር። ግን አደጋ ይደርሳል።

በ1951 ወጣት ሙዚቀኞች ሜምፊስ ወደሚገኘው የሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ «ሮኬት 88» የተባለ ዘፈን ሊቀዱ ሄዱ። የጊታሪስቱ የዊሊ ኪዛርት አምፕሊፋየር ቀድሞ ጉዳት ደርሶበት ነበር። ሌላ ስላልነበረ የተጎዳውን ስፒከር በወረቀት ጠቀጠቁትና ቀጠሉ። ጊታሩ «ዝዝዝ» እያለ ተቀዳ፤ ዘፈኑም ገነነ።

በ1958 ሊንክ ሬይ የሚፈልገውን ሸካራ ድምፅ ለማግኘት ስፒከሩን በእርሳስ በሳው። «ራምብል» የተባለው ያ ሥራ አንድም ቃል የለበትም። ያም ሆኖ አንዳንድ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ወጣቱን ለጠብ ያነሳሳል ብለው አናጫውትም አሉ! በ1964 ደግሞ ለንደን ውስጥ የኪንክስ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ፣ የ17 ዓመት ልጅ፣ የትንሿን አምፕሊፋየሩን ስፒከር በምላጭ ቀደደው።

ሦስቱም አንድ ነገር ያሳዩናል። ጉድለቱ መጀመሪያ በአጋጣሚ መጣ፣ ከዚያ ሆን ተብሎ ተፈለገ። ግን ስፒከር መቅደድ ሳያስፈልግ ይህን ድምፅ የሚሰጥ ነገር እዚያው አምፕሊፋየሩ ውስጥ ነበረ፤ ቲዩቡ ራሱ።

ቲዩብ ሊያሳልፈው የሚችለው ፍሰት ወሰን አለው። የጊታሩን ድምፅ በወረቀት ላይ እንደ ኮረብታና ሸለቆ ሞገድ ሣሉት። ጌይኑን ስትጨምሩ ኮረብታው ያድጋል፣ ያድጋል፣ በመጨረሻ ጣሪያውን ይነካል። አናቱ ይደፈጠጣል። የተደፈጠጠ ሞገድ ደግሞ በመጀመሪያው ሞገድ ውስጥ ያልነበሩ አዳዲስ ድምፆችን ይወልዳል። ወፍራሙ የጊታር ክር በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ሲደፈጠጥ የዚህ ብዜቶች የሆኑት 165፣ 247፣ 330 እና ሌሎችም ጎልተው ይወጣሉ። ብዙ የትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች ጣሪያውን ሲነኩ ሞገዱ በድንገት እንደ ቢላ ይቆረጣል። ቲዩብ ብዙውን ጊዜ ወደ ጣሪያው ሲቃረብ ቀስ በቀስ ይጎብጣል። ቀስ ብላችሁ ስትመቱ ንጹሕ፣ ጠንከር ስትሉ ሸካራ የሚሆነው ለዚህ ነው። በእጃችሁ ጉልበት ድምፁን ታዛላችሁ።

ይህን የሸካራ ድምፅ ፍቅር የውጭ አገር ሰው ፈሊጥ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታዩት። በገና ሲደረደር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ጥልቅ ንዝረት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በክሩና ክሩ በሚያርፍበት እንጨት መካከል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። ክሩ ቆዳውን እየነካ ሲርገበገብ ድምፁ በብዜቶች ይሞላል። ቆዳው በትክክል ካልተቀመጠ የበገናው ድምፅ ጎዶሎ ነው። የሰው ጆሮ ንጹሕ ድምፅ ብቻ አይወድም።

«ቮልዩም»፦ የጂም ማርሻል ሱቅ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጂም ማርሻል በምዕራብ ለንደን የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ነበረው። ራሱ የከበሮ አስተማሪ ነው። የአሜሪካ አምፕሊፋየሮች ለእንግሊዝ ወጣት ውድ ስለነበሩ፣ ከጥገና ባለሙያው ከኬን ብራንና ዱድሊ ክሬቨን ከተባለ ገና አሥራዎቹን ያልጨረሰ ልጅ ጋር የራሱን ለመሥራት ተነሳ። መነሻቸው ፌንደር ባስማን የተባለው የአሜሪካ አምፕሊፋየር ነው። ሰርኪዩቱ ተመሳሳይ ቢሆንም ቲዩቡ፣ ትራንስፎርመሩና ስፒከሩ እንግሊዝ ውስጥ የሚገኘው ሆነ። ጄቲኤም45 የተባለው ውጤት ከአሜሪካው የበለጠ ሸካራ ሆኖ ተገኘ።

ከደንበኞቹ አንዱ የ«ዘ ሁ» ጊታሪስት ፒት ታውንሴንድ ነበር። እሱ የሚፈልገው የበለጠ ጩኸት ነው። በ1965 ባለ 100 ዋቱ ተሠራ። ታውንሴንድ ስምንት ስፒከር የያዘ አንድ ሣጥንም አሠርቶ ነበር፤ ያን የሚሸከሙት ሠራተኞች ግን ወገባቸው ተቆረጠ። ስለዚህ ለሁለት ተከፈለና አንዱ በሌላው ላይ ተደረበ። በሮክ መድረክ ላይ የምታዩት የሣጥን ግድግዳ የመጣው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። 100 ዋት ከ50 ዋት እጥፍ ይጮኻል? አይጮኽም። ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ «ትንሽ ጨመረ» የሚያሰኝ። ለጆሯችሁ እጥፍ እንዲመስል ኃይሉ በአሥር እጥፍ ማደግ አለበት። ስለዚህ ባለ 100 ዋቱ ከባለ 1 ዋቱ የሚበልጠው በጆሮ ልክ አራት እጥፍ ያህል ነው። ባለ 1 ዋት አምፕሊፋየር በትንሽ ክፍል ውስጥ የሚያስደነግጥ ድምፅ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

ስለ ጆሮ ካነሳን አይቀር፣ ቀልድ የሌለበት ነገር ልንገራችሁ። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ለ85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን 8 ሰዓት ይፈቅዳል። በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ስትደርሱ የቀራችሁ 15 ደቂቃ ነው። ታውንሴንድ ጆሮው እንደተጎዳ ራሱ በይፋ ተናግሯል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሴሎች ከሞቱ በሰው ልጅ ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። ስለዚህ ስትሞክሩ የጆሮ መድፈኛ አድርጉ። ፈሪ ያሰኛል ካላችሁ፣ ጆሮው «ጢንንን» እያለ የሚያድር ጊታሪስት ፈልጋችሁ ጠይቁ።

ወፍራሙ ክር፦ የበርሚንግሃሙ ፋብሪካ

ሄቪ ሜታል የፋብሪካ ከተማ ልጅ ነው። በ1965 እንግሊዝ በርሚንግሃም ውስጥ የ17 ዓመቱ ቶኒ አዮሚ ብረት ከሚቆርጥበት ፋብሪካ ሊለቅ የመጨረሻ ቀኑ ነበር። ያን ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። አዮሚ ግራኝ ነው፤ የጊታሩን ክሮች የሚይዘው በቀኝ እጁ ነበር። ሁሉም ነገር ያበቃለት መሰለው። የፋብሪካው አለቃ ግን የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አመጣለት። ራይንሃርት እጁ በእሳት ተጎድቶ በዋናነት በሁለት ጣት ይጫወት የነበረ ታላቅ ጊታሪስት ነው።

አዮሚ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ። ቀጫጭን ክሮች ፈለገ፤ በኋላም ጣቶቹን እንዳያሳምም የጊታሩን ቅኝት ዝቅ አደረገ። የላላ ክር ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል። አምፕሊፋየሩ እዚያው በርሚንግሃም በ1967 የተመሠረተው ሌኒ ነበር። የባንዱ የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም በየካቲት 1970 ሲወጣ፣ ሰው እንዲህ ያለ ከባድ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

የክብደቱ ምስጢር ፊዚክስ ነው። ፓወር ኮርድ የሚባለው ሁለት ኖታ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ 82 እና 123 ሄርዝ። በንጹሕ አምፕሊፋየር የምትሰሙት እነዚህንና ብዜቶቻቸውን ነው። ሞገዱ ሲደፈጠጥ ግን የሁለቱ ልዩነት የሆነ አዲስ ድምፅም ይፈጠራል፤ 123 ሲቀነስ 82፣ 41 ሄርዝ። ይህ ከወፍራሙ ክር አንድ ሙሉ ኦክታቭ ዝቅ ያለ፣ ማንም ያልመታው ኖታ ነው። ጊታሩ ከራሱ በላይ የሚገዝፈው በዚህ ነው። ሦስተኛ ኖታ ጨምራችሁ ሙሉ ኮርድ ስትመቱ ደግሞ እርስ በርስ የማይስማሙ ብዙ ልዩነቶች ይፈጠሩና ድምፁ ይደፈርሳል። ሄቪ ሜታል ተጫዋቾች ፓወር ኮርድ የሚያበዙት ስለማያውቁ አይደለም፤ አምፕሊፋየሩ ስላስተማራቸው ነው።

ቡቲክ፦ የእጅ ሥራው

«ቡቲክ» ሲባል የልብስ ሱቅ ትዝ ሊላችሁ ይችላል። በአምፕሊፋየር ዓለም ግን በጥቂት ሰዎች፣ በትንሽ ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚበየድ ማለት ነው። ከቀዳሚዎቹ አንዱ ካሊፎርኒያዊው ራንዳል ስሚዝ ነው። እሱ ትንሽ የፌንደር አምፕሊፋየር ወስዶ የትልቁን ኃይል አስገባባት። ከዚያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሌላ እርምጃ ሄደ፤ አንዱ ቲዩብ ያጎላውን ሌላው እንዲያጎላ፣ ያንንም ሌላው እንዲያጎላ በሰልፍ ደረደራቸው። ከዚያ በኋላ ዲስቶርሽን ለማግኘት አካባቢውን መረበሽ ቀረ። በ1987 የወጣው የማይክ ሶልዳኖ ኤስኤልኦ-100 ይህን መንገድ ወደ ከባዱ ሙዚቃ ገፋው፤ ዛሬ ለሄቪ ሜታል የሚሠሩ ብዙ አምፕሊፋየሮች የእሱ ዘመዶች ናቸው።

ግን ሰልፉ ዕዳ አለው። አንድ ቲዩብ በግምት 50 ጊዜ ያጎላል እንበል። ሦስቱ ሲደራረቡ 50 በ50 በ50፣ ማለትም 125,000 ጊዜ ይሆናል። በመሃል ሆን ተብሎ የሚቀነስ አለ፤ ቢሆንም ጊታሩ ብቻ ሳይሆን ከሽቦው የሚገባው ጩኸትም አብሮ ይጎላል። አንድ ሽቦ በጣት ስፋት ቦታውን ቢስት አምፕሊፋየሩ ያፏጫል። የእጅ ሥራው ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ ከጌጡ ይልቅ ሽቦው የሚሄድበት መንገድ።

እንግዲህ አሁን ሙቀቱ ደርሷል፤ ሞክሩት። የእጃችሁን መዳፍ ጎን ክሮቹ ላይ አሳርፋችሁ ወፍራሙን ክር ፈጠን ፈጠን አድርጋችሁ ምቱ። ምቱ እንደ ከበሮ ተለይቶ ይሰማል ወይስ እንደ ጭቃ ይላቀጣል? ጎበዝ ሠሪ ድምፁ ከመደፍጠጡ በፊት ወፍራሙን ክፍል ቀንሶ በኋላ ይመልሰዋል። አዮሚም ከአምፕሊፋየሩ በፊት ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላ ትንሽ ሣጥን ያስገባ ነበር። ቀጥሎ በድንገት አቁሙ። ዝምታው ምን ያህል ዝም ነው? በመጨረሻ ጊታሩ ላይ ያለውን ቮልዩም ወደ ግማሽ ቀንሱ። ድምፁ ከጸዳ ቲዩቦቹ ይሰሟችኋል ማለት ነው።

ጠርሙሶቹ ከየት ይመጣሉ?

ትራንዚስተር ሲነግሥ የአሜሪካና የምዕራብ አውሮፓ የቲዩብ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ተዘጉ። የሶቭየት ጦር ግን መጠቀሙን ቀጠለ። በ1976 አንድ ሶቭየታዊ ፓይለት ሚግ-25 ይዞ ጃፓን ሲያርፍ፣ የመረመሩት ባለሙያዎች ያ ፈጣን ተዋጊ አውሮፕላን ውስጥ ቲዩብ አገኙ። በኋላ ማይክ ማቲውስ የተባለ የኒው ዮርክ ነጋዴ በሩሲያ ሳራቶቭ ከተማ ያለውን ፋብሪካ ገዝቶ ለጊታሪስቶች ማምረቱን ቀጠለ። ስሎቫኪያና ቻይናም ያመርታሉ። ከዚያ ውጭ ብዙም የለም። በ2022 ጦርነቱ ተነስቶ የሩሲያ መንግሥት አንዳንድ ዕቃዎች እንዳይወጡ ሲያግድ አቅርቦቱ ተናጋ፣ ዋጋው ናረ። የአንድ የሙዚቃ ዓይነት ድምፅ በጣት በሚቆጠሩ ፋብሪካዎች ላይ እንደተንጠለጠለ ያኔ ብዙዎች አስተዋሉ።

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ሄቪ ለመጫወት ቲዩብ የግድ አይደለም። ዛሬ የቲዩብን ጉብጠት በሒሳብ የሚያስመስሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አሉ። በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ልዩነቱን መለየት ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ዋጋቸውም ርካሽ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ ስለሚሠሩ ጎረቤትም አይረብሹም። ግን የሚያስመስሉት ምንን እንደሆነ ልብ በሉ። ሃሮልድ ብላክ ጋዜጣው ላይ ሊያጠፋው የሞከረውን ስህተት፣ ዛሬ ጎበዝ ፕሮግራመሮች ነጥብ በነጥብ ለመቅዳት ሌሊት ያድራሉ።

ሙከራው አልቋል። ቮልዩሙን ዝቅ አድርጉ፣ ማብሪያውን አጥፉ። ብርቱካናማው ብርሃን ቀስ ብሎ ይጠፋል። ለማየት ጓጉታችሁ ሣጥኑን እንዳትከፍቱት፤ ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ገዳይ የሆነ 400 ቮልትና ከዚያ በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ከመሸከማችሁ በፊትም ትንሽ ጠብቁ። ጠርሙሶቹ ገና ትኩስ ናቸው።